ጨው የበዛበት ሊጥ

ሰፈሩ በሙሉ «አባ ትኩስ» ይላቸዋል። ያደረ ዳቦ ለደንበኛ መሸጥ ነውር ነው ባይ ስለነበሩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ዳቦ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ከፊት መሸጫው፣ ከጀርባ ማሽኑ የቆመበት ማቡኪያ ክፍል፣ ከዚያ ወዲያ ምድጃው። መሸጫው ላይ ሚስታቸው ይቆማሉ። ሊጡን የሚመጥኑት ግን አባ ትኩስ ራሳቸው ናቸው፤ ዱቄቱ፣ እርሾውና ጨው በሳቸው እጅ ካልገባ ሥራ አይጀመርም። አብሯቸው አንድ ሊጥ አቡኪ ይሠራል። ጎረምሳ ሆኖ ገብቶ ጢሙ እዚያው የሸበተ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው።

አባ ትኩስ ጉልበታቸውን ሲያማቸው የቤቱን ሥራ አመራር ለአንዲት ልጃቸው አስረከቡ። «እንግዲህ አዛዧ አንቺ ነሽ፤ ሊጤን ካልነካሽብኝ ሌላውን እንደ ፍጥርጥርሽ» አሏት።

ብዙም ሳትቆይ ዳቦው ተበላሸባት። አንድ ቀን ጨው ጨው ይላል፤ በማግስቱ ሳይነሣ እንደ ጡብ ደርቆ ይወጣል፤ ደግሞ ሳይታሰብ እንከን የማይወጣለት ዳቦ ይሆናል። ደንበኞች መጀመሪያ ቀለዱ። «ከዳቦው ጋር ውሃም ሽጡልን!» ያሉ ነበሩ። ከዚያ ቀልዱም ቀረ፤ ሰዎቹም ቀሩ። መንገዱን ተሻግረው ወደ ማዶው ዳቦ ቤት ሲገቡ በመስታወቱ ታያቸዋለች።

ያኔ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የንግድ አመራር ሥልጠና የገባችው። አሠልጣኟ ጫማ ፋብሪካ ስታስተዳድር የኖረች፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት ናት። የመጀመሪያው ትምህርት ችግር መፍታትና ውሳኔ መስጠት ነበር።

«የሚያማችሁ ቦታና ሕመሙ ያለበት ቦታ አንድ አይደለም» አለች አሠልጣኟ። «ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ስታገኙ ደስ አይበላችሁ፤ እንደገና ለምን በሉ።»

ልጅቱ እንደተባለችው አደረገች። የዱቄት አቅራቢዋን ቀየረች፤ ለውጥ የለም። ምድጃውን ባለሙያ አስመረመረች፤ ጤነኛ ነው። እርሾውን ከሌላ ቦታ አስመጣች፤ ያው ነው። የቀረው ሰው ብቻ ሆነ። ይህንኑ በክፍል ውስጥ ስታስረዳ አሠልጣኟ አቋረጠቻት።

«ሊጡን ስንት ሰው ይነካዋል?»

«ሁለት።»

«ሁለቱንም አየሻቸው?»

«አንደኛው እኮ አባቴ ነው።»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። አሠልጣኟ አልሳቀችም። «ዝምድናችሁን አልጠየቅሁሽም» አለቻት።

ይህ ንግግር ልጅቱን ከነከናት። አባቷን የሚያክል ባለሙያ ከተራ ሠራተኛ እኩል መቁጠር ድፍረት መሰላት። ሰኞ ሊጥ አቡኪውን በዱቄት ጆንያዎቹ መሃል ጠርታ አቆመችው።

«መጠጥ ጀምረሃል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ዳቦው ምን ሆኖ ነው? ወይ ተናገር፣ ወይ እንለያይ።»

ሰውዬው ወደ ማቡኪያው ክፍል በር አየ፤ ከውስጥ የአባ ትኩስ ሳል ይሰማል። ሽርጡን ፈታና አጣጥፎ ጆንያው ላይ አኖረው።

«አንቺ ካልሽ ይሁን» አለ።

ሊሰናበታቸው ሲገባ አባ ትኩስ ቀና እንኳን አላሉም። «ቶሎ ተመለስ፣ ሊጡ ይነሣል» አሉት። ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸውና ወጣ።

ልጅቱ ቆራጥ ውሳኔ ወሰንኩ ብላ ነበር። ዳቦው ግን እሱ ከሄደ ወዲህ ጭራሽ አይቀመስም። መሄጃ ሲጠፋት እሷው ማቡኪያው ክፍል ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አባቷ ዱቄቱን ገለበጡ፣ ጨው ጨመሩ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። እርሾውን አንስተው አገላብጠው አዩትና እንደ ባዕድ ዕቃ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ እንደገና ጨው ዘገኑ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሊዘግኑ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አባዬ፣ ጨምረሃል እኮ!»

«ማን? እኔ?» ተቆጡ። ከዚያ ቁጣው ከፊታቸው ላይ እንደ ጤዛ ረገፈና ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ቃኙ። «ያ ልጅ የት ሄደ? እሱ ነው እኮ የሚነግረኝ።»

ልጅቱ ወደ መሸጫው ወጣች። እናቷ ፊቷን እንዳዩ ሁሉ ነገር ገባቸው።

«ታውቂ ነበር እማዬ?»

«በአንድ ጎጆ እየኖርን እንዴት አላውቅ?» አሉ እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤት ውስጥ ሽንት ቤቱ ይጠፋበታል። እዚህ ሲገባ ግን ሰው ይሆናል፤ ያ ምስኪንም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የደረሰበትን ያርምለት ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርሽ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።»

«ያንን ሰው ሳባርር ዝም ብለሽ አየሽኝ?»

እናቷ መሸጫውን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። የሚወለወል ነገር አልነበረበትም።

ልጅቱ ሊጥ አቡኪው ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ባሏ ሩቅ ከተማ ጡብ ማቃጠያ ቤት የጉልበት ሥራ ለመፈለግ መሄዱን ነገረቻት።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች ልጅቱ።

«ሙያ ያስተማሩኝን ሰውዬ በልጃቸው ፊት አላዋርድም አለ። የኛን ጦም ማደር ግን አላሰበውም።» ሴትዮዋ ይህን ብላ በሩን ገፋችው። በኃይል አልዘጋችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ ከአባ ትኩስ ጎን ቆሞ እንዲያርም ነበር ሐሳቡ። እሳቸው ግን ባዩት ቁጥር «ይሄ ሌባ ማነው?» እያሉ ያባርሩታል። አንድ ጠዋት ማቡኪያ ማሽኑ እየዞረ ሳለ ሊጥ ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። ማሽኑ እጅጌያቸውን ይዞ ጎተታቸው። አዲሱ ሠራተኛ ተወርውሮ ባያጠፋው ክንዳቸው ይሄድ ነበር። እጅጌው ተቀዶ ማሽኑ ውስጥ ቀረ፤ የእሳቸውም ክርን ተልጦ ሊጡ ደም ለበሰ። የዚያን ቀን ዳቦ አልወጣም።

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ልጅቱ አሠልጣኟን ለብቻዋ አገኘቻትና ሁሉንም ነገረቻት።

«አሁን ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«እኔ ያላየሽውን እንድታዪ ነው ማስተማር የምችለው። አሁን አይተሻል» አለች አሠልጣኟ። «ካየሽ በኋላ ያለውን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም።»

ልጅቱ በዚያው የማቡኪያ ክፍሉን ቁልፍ አስቀየረች። አባቷን መሸጫው ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ አትገባም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማነሽ?»

በቁጣ ይሁን ወይም ጠፍታባቸው ይሁን ከዓይናቸው ለማወቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ያለቅሳሉ።

ሊጡን አዲሱ ሠራተኛ መመጠን ያዘ፤ ዳቦው ዳነ። ጨው ልክ ሆነ፣ ሊጡ ተነሣ፣ ደንበኞቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። «እሰይ፣ የጥንቱ ዳቦ መጣ! የአባ ትኩስ እጅ እኮ ነው!» ይሏታል። አንገቷን ደፍታ ትሸጥላቸዋለች። አባ ትኩስ በበኩላቸው ምግብ ቀነሱ። ቀኑን ሙሉ የተቆለፈውን በር እጀታ ሲያዞሩ ይውላሉ፤ መዳፋቸው እስኪላጥ።

አንድ ማለዳ ከቤት ጠፉ። ልጅቱና እናቷ ሰፈሩን ሲያስሱ የማዶው ዳቦ ቤት ባለቤት ክንዳቸውን ደግፎ መንገዱን አሻግሮ አመጣቸው። ጥርት ያለ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ቁልፉ ግን ተዛንፎ ነው የተቆለፈው።

«በሬን ስከፍት ቆመው አገኘኋቸው» አለ ሰውዬው ለልጅቱ፤ ድምፁን ቀንሶ። «ሥራ ስጠኝ አሉኝ። ከዚያ ማዶ አንዲት ሴት አባረረችኝ፣ ጥፋቴን እንኳ አልነገረችኝም አሉኝ።»

ልጅቱ የአባቷን የሸሚዝ ቁልፍ ፈትታ ማስተካከል ጀመረች።

«ቁራሽ ሊጥ ሰጠኋቸው። ሲያድቦለቡሏት ብታዪ እህቴ፣ እጃቸው ምንም አልረሳም» አለ ሰውዬው። «ደስ ካላችሁ ጠዋት ጠዋት ይምጡ። ከማሽን አርቄ አስቀምጣቸዋለሁ።»

«በሰው ደጅ? በባላንጣችን ደጅ?» አሉ እናቷ። «ሰው ምን ይለናል?»

ልጅቱ አባቷን አየቻቸው። ጣቶቻቸው መሃል የደረቀ ሊጥ አለ፤ እሱን በጥፍራቸው ይነካካሉ።

«ይሂድ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሱቋን ከመክፈቷ በፊት እጃቸውን ይዛ መንገዱን ታሻግራቸዋለች። ማዶ ሊደርሱ ሲሉ እጃቸውን ከእጇ ይነጥቃሉ።

«ተይ፣ አሠሪዬ ያየኛል» ይሏታል። «ሠራተኛ ሰው እጁን ተይዞ አይገባም።»

ገብተው በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆማ ታያቸዋለች።