አፍልተሽ ስጪው

የመንደራችንን የውሃ ማኅበር ለሃያ ሁለት ዓመት መርቻለሁ። ደመወዝ የለውም፤ በዓመት አንድ ቀን በስብሰባው ላይ ይጨበጨብልሃል፣ በቀረው ጊዜ ትሰደባለህ። እኛ የጁትላንድ ገበሬዎች በየመንደራችን ጉድጓዳችንን የምንጠብቀው ራሳችን ነን፤ ፓምፑም የኛ፣ ጥፋቱም የኛ።

ጃንዋሪ ውስጥ ከላቦራቶሪው ደብዳቤ መጣ። ከፍግ ወደ ውሃችን የሚሰርገው ናይትሬት በሊትር መቶ አሥራ ሁለት ሚሊግራም። ሕጉ የሚፈቅደው ሃምሳ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየሁ በቀጥታ ወደ ክሬስተን ሄድኩ። ክሬስተን የኮሚቴያችን አባል ነው፤ ሁለት ሺህ አሳማ አለው፣ የአሳማዎቹን ፍግ የሚደፋውም ከጉድጓዳችን በላይ ባለው ማሳ ላይ ነው።

«አይናር፣ ዝም ብለህ ሰው አታሸብር» አለኝ ቦት ጫማውን እያራገፈ። «ናሙናው ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሌላ እናስወስድ። ማርች ላይ ስብሰባ አለን፣ ያኔ እንነግራቸዋለን።»

«ሕፃናት አሉ እኮ!»

«በዚህ የሽማግሌ መንደር? ያለው ያንተው የልጅ ልጅ ብቻ አይደል? ለእናቱ ንገራታ!»

ሳቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ሳቅኩ። ሚስቴ የሞተች ጊዜ ላሞቼን ሦስት ሳምንት ያለበልኝ ክሬስተን ነው። ይሉኝታ ያዘኝ።

ልጄ ሶልቫይ ቪልፍሬድን ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ጡቷ ወተት አልይዝ ስላላት የዱቄት ወተት ነበር የምትበጠብጥለት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ።

«የቧንቧውን ውሃ በደንብ አፍልተሽ ስጪው» አልኳት። «ለማንም ግን እንዳታወሪ።»

«ምን ተገኘ አባዬ?»

«ምንም። አንቺ ብቻ አፍዪው።»

ከስምንት ዓመት በፊት ታንከራችን ውስጥ አይጥ ሞታ፣ መንደሩን ሁሉ «አፍሉ» ብለን ነበር፤ አንድም ሰው አልታመመም። እኔ የማውቀው መድኃኒት ይኸው ነው። የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ ብገልጥ ኖሮ «ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፣ ይብሱን ያከማቸዋል» የሚለውን አነበው ነበር።

ሶልቫይ አባቷን የምታምን ልጅ ናት። ማንቆርቆሪያውን የእንጨት ምድጃው ላይ ጥዳ ከጠዋት እስከ ማታ ታንተከትከዋለች፤ ሲጎድል ትጨምራለች፣ ደግሞ ሲጎድል ደግሞ ትጨምራለች። ውሃው ተኖ ይሄዳል። መርዙ እዚያው ይቀራል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሕፃኑ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። በርዶት ነው ብለን ልብስ ደራረብንለት። ሆስፒታል ስንደርስ የቀዱለት ደም ቡናማ ነበር፤ ናይትሬቱ ደሙ አየር እንዳይሸከም አድርጎታል አሉን። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ሲወለድ ግቢዬ ውስጥ ባንዲራ ሰቅዬለት ነበር፤ አሁን ለሐዘን እስከ ምሰሶው ግማሽ አወረድኩት። ጎረቤቶቼም እንደ ወጋችን የየራሳቸውን አወረዱ። ክሬስተንም አወረደ። ያን ሳይ ነው አንጀቴ የተቃጠለው፤ በሱም፣ ከሱ ይልቅ በራሴ።

በማርች አዳራሹ ሞላ። ሪፖርት ላቀርብ ስነሳ ክሬስተን እጅጌዬን ያዘኝ።

«ዛሬ ተወው፣ ልጅህ ተቀምጣለች» አለ በሹክሹክታ።

«ስለተቀመጠች ነው» አልኩት። ደብዳቤውን ሁለቱንም ገጽ አነበብኩ።

ሶልቫይ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሳች።

«መቼ ነው የደረሰህ?»

«አፍዪው ባልኩሽ ቀን ጠዋት።»

ኮቷን መልበስ ጀመረች። አንዱን እጅጌ አጥልቃ ቆመች።

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየሳምንቱ ቤት እየመጣች ትመዝነው ነበር» አለችኝ። «ስለ ውሃው ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር አባዬ። አንተ ለማንም አታውሪ ስላልከኝ ተውኩት።»