ባለመደገፊያው ወንበር

“ለዕድርተኛው ሁሉ በጥብቅ የሚገለጸው፦ ከማዘጋጃ ቤት በውሰት የመጣው ባለመደገፊያ ወንበር ለአቶ ነገሪ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ማንም እንዳይቀመጥበት፣ ልጅም እንዳይንጠላጠልበት፣ ዶሮም እንዳይሰፍርበት!”

የዕድሩ ዳኛ አቶ ጎሹ ይህን ያወጁት ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው። በባሌ ጠቅላይ ግዛት፣ በጎባ ከተማ፣ ለቀበሯት ለሲምቦ እንኳ ባርኔጣቸውን አላወለቁም ነበር።

ነገሪ ተቀመጠ። የሟች ወንድም ነውና ወጉ መሬት፣ ገለባው ላይ መቀመጥ ነበር። ዳሩ ግን ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው ገለባ ላይ ሲቀመጥ ቢታይ ዕድሩ ያፍራል ተባለ። እሱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሱሪው አሳስቦት ነበር።

ሠልስት ነው። ሲምቦ በሕይወት ሳለች ደጇን ያልረገጠ ሁሉ ድንኳኑን ሞልቶ ንፍሮ ይቆረጥማል። አክስቱ ማናልበሽ ከጎኗ ላለችው ለሰንበቴ ታንሾካሹካለች፤ የማናልበሽ ሹክሹክታ ደግሞ ሮቤ ድረስ ይሰማል።

“ልጇ ከሞተ ወዲያ ከግድግዳ ጋር ነበር ወሬዋ። ይኸው በመጨረሻ ባዶ እግሯን ሳነቴ ተራራ ወጥታ ውርጩ ላይ ተገኘች።”

“አንቺስ ሄደሽ አይተሻት ታውቂያለሽ?”

“እኔ? ያልተዳሩ ሴት ልጆች አሉኝ እኮ! ቢጋባባቸውስ?”

ነገሪ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነበር፤ በከሰል፣ በበረቱ በር ላይ። ሲምቦ በአንድ እግር ለሚቆሙት ፊደሎች፣ ለ“ተ” እና ለ“ቀ”፣ ከሥራቸው ትንሽ ጠጠር ትስልላቸው ነበር።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“እንዳይወድቁ ነዋ።”

በኩርኩም መታት። ጠጠሩን ግን አልተወችም።

አሁን እሱ ስለ ሐዘን ያጠናል። “የቤተ ዘመድ ድጋፍ ለሐዘንተኛ አእምሮ ያለው ጥቅም” የሚለው ጥናቱ በሚመጣው ወር በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይነበባል። ለዚሁ ሲል ስም የማይጻፍባቸው መጠይቆች ወደ ጎባ ልኮ፣ አንድ መምህር ልጅ ለሞተባቸው እናቶች አድሎለታል። ሁለት መቶ ቅጽ በአንድ እሑድ አርሞ ጨርሶ፣ ስሕተት ያለባቸውን በየቁጥራቸው ለመምህሩ መልሷል። ቸኩሎ ነበር፤ ያን ሰሞን እኅቱ “ና” ብላ ለላከችለት ደብዳቤም መልስ ያልጻፈው ስለ ሐዘን ሥራ በዝቶበት ነው።

ጨውና ላምባ የምትሸጠው ጎረቤት፣ ወይዘሮ ዙቤዳ፣ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ጠጋ በይ ያላት የለም።

“ያ ነገሪ፣ ረቢ ያጽናህ።”

“አሜን።”

“እኔ ማንበብ አልችልም። የሲምቦን ፍራሽ ሳነሣ ይሄ ከሥሩ ወጣ። ቀይ ስላለበት የመንግሥት ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩት።”

ወረቀቱን ዘረጋው። የእሱው መጠይቅ ነው፤ ቁጥር ሠላሳ አንድ።

*ጥያቄ ፲፬፦ በሐዘንዎ ጊዜ ከቤተ ዘመድ ማን ረዳዎት?*

*ዙቤዳ በየቀኑ ሾርባ ታመጣለች። ዘመዴ አይደለችም። ወንድም አለኝ። ይመጣል።*

ከ“ቀ”ው ሥር ጠጠር። ከ“ታ”ው ሥር ጠጠር።

ከጎኑ በቀይ እርሳስ፣ በራሱ እጅ፦ *ከጥያቄው ውጭ። ዘመድ ብቻ ይጠቀስ። ታርሞ ይመለስ።*

ሲምቦ ታዛዥ ነበረች። የዙቤዳን ስም በአንድ መስመር ሰርዛዋለች። ወንድሟንም ሰርዛዋለች። ከታች “ማንም” ብላ አርማለች። ሳትመልሰው ሳነቴ ወጣች።

“ምን ይላል?” አለች ዙቤዳ። “ስለ ልጇ ነው?”

አቶ ጎሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አሁን ደግሞ ምሁሩ ልጃችን የቤተ ዘመድ ድጋፍ እንዴት ያለ መድኃኒት እንደሆነ፣ ለእኛም ኩራት እንዲሆነን፣ በአጭሩ ያስረዱናል!”

ነገሪ ተነሣ። ወንበሩን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ በንፍሮ በላተኛው መሀል አልፎ፣ በሩ ላይ ለቆመችው ለዙቤዳ አስቀመጠላት።

“ይቀመጡ።”

“ውይ! እኔ እኮ ዘመድ አይደለሁም…”

“ይቀመጡ፣ እማማ።”

ተመልሶ ከነሱሪው ገለባው ላይ ተቀመጠ። ከመሬቱ አንዲት ጠጠር አነሣና እጁ ውስጥ ጨበጣት።

“ኧረ በሕግ!” አሉ አቶ ጎሹ። “ወንበሩ ለእርስዎ የተፈቀደ ነው! ንግግሩስ?”

“አልናገርም።”

“ለምን?”

“አልናገርም አልኩ።”