የጎባጣዋ ጣት

ሁለት ጣት በሚያህል ድንጋይ ላይ እኅትህን አንጠልጥለህ፣ ገመዷን ይዘህ ከታች ቆመህ ታውቃለህ? ካላወቅህ ስለ «ተፈጥሮ ሥራ» ለእኔ አታውራ። የሸለቋችን ዓለት የሚወጡ ሰዎች ኮሚቴ ግን ባለፈው ሳምንት በጋዜጣ ያወራው ይህንኑ ነው።

ጎባጣዋ በጀርመን ከኤልበ ወንዝ በላይ የቆመች የአሸዋ ድንጋይ ዓምድ ናት። ዝናብ ይሰርግባታል፤ ውኃው ተመልሶ ሲወጣ ከሆዷ ጨው ይዞ ወደ ቆዳዋ ይመጣል። ጨው ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ቦታ ይሻማል፣ አሸዋውን ፍሬ በፍሬ ይገፈትራል። የቀረውን በብርዱ ወራት ውርጭ ይጨርሰዋል። እንዲህ እያለ ፊቷ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። ሁለት ጉድጓዶች ከኋላ ሲገናኙ በመካከላቸው ቀጭን ምሰሶ ይቀራል፤ ጣት እንለዋለን። በእሱ ዙሪያ የጨርቅ ማሰሪያ አሳልፈን ገመዳችንን እናያይዛለን። ስንጥቅ ውስጥ ብረት መሸጎጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ይሰበራል። ቋሚ የብረት ቀለበት የሚተከለውም ጣት በሌለበት ቦታ፣ ያውም መንገዱን መጀመሪያ የወጣው ሰው እሺ ሲል ብቻ ነው።

የጎባጣዋን ጣት በየዓመቱ እለካለሁ። ስጀምር አምሳ ስምንት ሚሊሜትር ነበር። ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝ። ለኮሚቴው ቀለበት ይተከል ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ የመጨረሻውን በመስከረም፤ ሦስት ጊዜ «ጣት አለ» አሉኝ። መንገዱን መጀመሪያ የወጣው የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ቪላንድ ነውና ቤቱ ሄድኩ።

«ስንት ሆነ?» አለኝ የፕሪም ኬክ እየቆረሰ።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ወፍራም ነው።»

«ግማሹ ሄዷል እኮ!»

«የእኔስ ግማሽ አልሄደም? ቀለበት ልትተክሉብኝ ነው?» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ በቃጫ ገመድ፣ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት። የፈራ ሜዳ ላይ ይሂድ።»

«ሰው ሲሞት ነው የሚፈቅዱት?»

«ኬክህን ብላ።»

እኅቴ ኦርትሩንም ያው ናት። በሦስት መንደር በእግሯ ፖስታ የምታድል፣ አርባ አራት ዓመቷ። «መለኪያህን ይዘህ ልትቀበር ነው» ትለኛለች። «እኔ ግን ጎባጣዋን ብረት አላስነክስም።»

ሐሙስ ዘነበ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዓለቱ እግር ሥር ነበርን። ልማዳችን አሸዋውን በእፍኝ አፍሶ መበተን ነው፤ ከተጣበቀ ወደ ቤት፣ ከተበተነ ወደ ላይ። ተበተነ። ግን ፀሐይ የምታደርቀው ቆዳውን ነው፤ ውስጡ የረጠበ የአሸዋ ድንጋይ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል። ይህን በክፍል ውስጥ የማስተምር እኔ ነኝ! ሆኖም ባዶ መዳፌን አይቼ «ሂጂ» አልኳት።

ታች ባለው አሮጌ ቀለበት ገመዷን አያይዛ ወጣች፤ ማሰሪያውን በጣቱ ዙሪያ አሳለፈች፤ አራት ሜትር አልፋው ወጣችና ቆመች። ፊቴ ላይ አሸዋ ይንጠባጠብ ጀመር። ከጫማዋ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ከጣቱ ነው። ገመዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማሰሪያው ይፈገፍገዋል፤ እንደ ክር የቀጠነ አሸዋ ይፈስሳል።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምንም።»

«እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልለቅ ነው፣ በገመዱ ያዘኝ።»

ብነግራት ይብሳታል። ዝም ብል ትለቃለች። እጄ ላይ ያለው ገመድ ብቻ ነው፤ ገመዱም የታሰረው በሚፈስሰው አሸዋ ላይ ነው።

«አትልቀቂ! በእግርሽ ውረጂ።»

«ለምን?»

ዓይኔን ተከትላ ወደ ታች ተመለከተች።

«ጣቱ ነው?»

«አዎ።»

«ደደብ!» አለች። እኔን ይሁን ራሷን አላውቅም።

አንድ እርምጃ ወረደች። ሁለተኛውን ስትሞክር እግሯ ከዳት። ጣቱ ሲሰበር ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ሻይ ውስጥ እንደ ቆየ ብስኩት ተፈረካከሰ። ገመዱ እጄ ውስጥ ረገበ። ከታች ያለው ቀለበት ሲይዛት ጀርባዋ ወጣ ካለ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ አጥብቄ ይዤ ነበር፤ ምንም ነገር ሳልይዝ።

ኦርትሩን ከእንግዲህ አትራመድም። ሐኪሙ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የነገረን። ሦስተኛ የለም ወይ ብዬ ጠበቅሁት።

አሁን ኮሚቴው ለጎባጣዋ ቀለበት ፈቅዷል። ለምን? ጣት ስለሌለ! ቪላንድም ፈርሟል። ጋዜጣው ላይ ደግሞ «ዓለት ይሸረሸራል፤ ማንም ተጠያቂ አይደለም» ይላሉ። ጨውን ማን ይከሳል? እኔ ጨውን አልከስም።

በኅዳር ጠቅላላ ጉባኤ አለን። መጀመሪያ እኔ እነሣለሁ፤ እያወቅሁ ለምን «ሂጂ» እንዳልኳት ለአባላቱ እናገራለሁ። ከዚያ ቪላንድ፣ አንተ ተነሥ፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ አንተም። በጋዜጣ አይደለም፣ በደብዳቤ አይደለም። ኦርትሩን በተሽከርካሪ ወንበሯ ከፊት ረድፍ ትኖራለች። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዓይኗን እያያችሁ መልሱላት፦ ቀለበቱን በመስከረም የከለከላችሁት ለምንድን ነው?