ከማንጎው ወዲህ የጠጣችው

…ነቅንቃት እንጂ ምን ታሻሻታለህ፣ ነቅንቃት ነው ያልኩህ፣ አየሩ ካልወጣላት ሞላች አይባልም፣ ኤጀታ ከኋላ ይዞ ይወዘውዛታል፣ ዲኤክስ መኪናዬ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ቀላል ናት፣ ባዶ ናት፣ ይኸው ቤንዚኑ ጉሮሮዋ ላይ ብቅ አለ፣ አየሁት፣ እስከዳር ቀጂዋ ቱቦውን እንደያዘች ማዘር ይሄ ሁሉ ሰልፍ ቆሞ መኪና እሹሩሩ ትላላችሁ እንዴ ትለኛለች፣ ማዘር፣ እኔ አንቺን አልወለድኩሽ፣ የወለድኳትን ቀብሬያለሁ፣ ዝም ብለሽ ቅጂ፣ ስመለስም አንቺው ነሽ የምትቀጂልኝ፣ በዚሁ ቱቦ፣ እዚሁ ቦታ፣ እንዲሁ ተነቅንቃ። ክዳኑን ራሴ ገጥሜ ቆለፍኩ። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። እስኪ አሁን ይስረቅ።

እስኪ አሁን።

ከመኪናዋና ከአማቼ አንዳቸው ዋሽተዋል፣ ዛሬ ይለያል፣ ልጄን ሰብለወንጌልን ባምባሲ ላይ ምጥ ሲይዛት ይሄው ኤጀታ ባሏ ከኋላ ወንበር አስተኝቶ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ሲያመጣት፣ ትልቁ የማንጎ ዛፍ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ቤንዚን ጨረሰች፣ ድርቅ አለች፣ ሌላ መኪና እስኪመጣ ልጄም በሆዷ የነበረውም… ትናንት ሞልቻት ነበር እማማ ይላል፣ የቤንዚን ጌጁ ከሞተ ስንት ጊዜው፣ ማን ይመሰክርለታል፣ ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በሃይላንድ እየቀዳ የሚቸበችብ ሹፌር ስንቱን አይቻለሁ፣ እና ለቀስተኛው ፊት አልኩት፣ ቤንዚኑን ሸጦ ልጄን መንገድ ላይ አስቀራት ብዬ ደረቴን እየደቃሁ አልኩት፣ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ ወዲህ እቤቴ እህል አይቀምስም፣ መኪናዋ የኔ ናት፣ መንዳቱን ይነዳልኛል፣ በርበሬዬን ያመላልሳል፣ ቤንዚኑ ግን ዛሬም ያልቃል፣ እሱም ዛሬም አንድ ቃል ነው፣ እሷ ናት እማማ የምትጠጣው፣ ስትመለስ ነው የምትጠጣው፣ ካላመኑኝ ራስዎ ይቀመጡና ይለኩ።

ይኸው ተቀመጥኩ።

በልኩ ከጠጣች ሌባ ነህ፣ የልጄ ደም በአንተ ላይ ነው፣ ሽማግሌ ሰብስቤ ፊትህን ከደጄ አጠፋለሁ፣ ከልኩ ካለፈች… ካለፈች ያን ጊዜ ይታሰባል።

ያልሞከርነው የለም መቼም፣ ጣሪያዋ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ብረት ንፋስ ይጎትታል አሉኝ፣ አስፈታሁት፣ የአየር ማጣሪያዋን አራገፉት፣ ቀይ አፈሩ እንደ በርበሬ ቦነነ፣ ካንዴላ ቀየሩ፣ ካርቡራተሯን አጠቡ፣ በክሪክ አንስተው ጎማዋን አዞሩልኝ፣ ፍሬኗም ሳይረገጥ አይዝም፣ ጠዋት ደግሞ ሰዳም ጎሚስታው ጋ ወሰድኳት፣ የበርታ ልጅ ነው፣ ሓቦባ አንተ ቁጭ በል ይለኛል፣ ሓቦባ በነሱ ቤት አያት ናት፣ ቁጭ በል የተባልኩት ደግሞ እኔ፣ በእርጅናዬ ወንድ አደረግኸኝ አይደል ስለው ይስቃል፣ ከኋላ ሰው አለ? ይለኛል፣ የለም፣ እኔና እሱ ከፊት፣ ከኋላ ባዶ ነው፣ ድንጋይ አድርገህ ንፋልኝ፣ የላላ ጎማ ቤንዚን ይጠጣል ብለኸኝ የለም? ይሄን ስል ሰዳም ቀና ብሎ ኤጀታን አየው፣ ኤጀታ መሬት መሬቱን አየ። የሌባ መተያየት ነው አልኩ በሆዴ።

እንሄዳለን። ሰማዩ ደመና ነው፣ ፀሐይ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ለልኬት የተመቸ ቀን፣ ደርግ ከወሎ ጭኖ እዚህ ሲያራግፈን በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝ ቁጥር ይኸው ዛሬ ሥራ አገኘ፣ ደህና መኪና በአንድ ሊትር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ባምባሲ ደርሶ መልስ ዘጠና ነው፣ ሰባት ሊትር ተኩል ብላ ትምጣ፣ ከዚያ በላይ ጠብታ አልቀበልም፣ ኤጀታ እግሩ ስር እንቁላል ያለ ይመስል ነው የሚረግጠው፣ ማርሽ ሲቀይር አይሰማም፣ ቁልቁለት ላይ ይለቃታል፣ ዳገት ሳይደርስ ያንደረድራታል፣ እንዲህ የሚቆጥብ ሰው ነው ሌባ? ሌባ ነው እንጂ፣ ሌባ ነው ጥሩ የሚቆጥብ፣ ወይ ሸዋሉል፣ አፍሽ ገና አልደከመም።

ማንጎውን አለፍነው። ምንም። እንደ ላባ አለፍነው።

ስለ ጭነት ለኔ ማንም አይነግረኝም፣ ከወሎ ያመጣን ኦራል ዳገት ሲወጣ እንደ በሬ ያቃስት ነበር፣ እላዩ ላይ ስንቱ ታሟል፣ ስንቱ ይተፋል፣ እዚህ ሲያራግፉን የመጨረሻው ሰው እግሩ መሬት ሲነካ ብረቱ ብድግ አለ፣ ወደ ላይ፣ ልክ እንደተገላገለች ሴት፣ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፣ ሰው የተሸከመውን ይረሳል፣ ብረት ግን ያውቃል።

ባምባሲ። አልወርድም፣ አዙራት አልኩት፣ ውሃ እንኳ አይጠጡም? አልጠጣም፣ አንተም አትጠጣም፣ አዙር። ያው አስፋልት፣ ያው ሰማይ፣ መኪናዋም ያችው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይሞቃል፣ ኤጀታ ላብ አጥምቆታል፣ ምን ሆነሃል፣ ምንም እማማ፣ ማንጎው ከሩቅ ጥቁር ሆኖ ሲታይ እጁን ይሰድና የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ጣሪያው ያዞረዋል። ለምን አዞርከው? ፀሐይ ዓይኔን ይመታኛል እማማ።

ፀሐይ። የቱ ፀሐይ።

እና ማንጎው ጋ ስንደርስ፣ እንዴት ብዬ ልበለው፣ ቀስ አለች፣ ፍሬን አልያዘም፣ እግሩን እያየሁት ነው፣ እግሩ ቤንዚኑ ላይ ነው፣ ቀስ አለች፣ እንደ ሚኒባስ፣ ወራጅ እንዳለ፣ አይደለም፣ ተሳፋሪ እንዳለ፣ ከዚያ ከኋላዬ ሞላዋ ሲጥ አለ፣ በር አልተከፈተም፣ ሲጥ አለና ዝቅ አለ፣ የፊቱ ኮፈን ትንሽ ወደ ሰማይ ቀና አለ፣ አየሁት፣ ቅድም መንገዱን ነበር የማየው አሁን ደመናውን አያለሁ፣ ኤጀታ ማርሽ ወደ ታች ጣለ፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ይኸው ጠጣች፣ ይኸው እየጠጣች ነው፣ ይሰማኛል፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ዳገት እንደምትወጣ ታቃስታለች፣ የተቦረቦረው ቦታ ላይ ዘለል ስትል ኤጀታ በለሆሳስ አይዞሽ ይላል። አይዞሽ። ለማን ነው? ለመኪናዋ ነው፣ ሹፌር መኪናውን ያናግር የለም? ያናግራል፣ ሌላ ጉድጓድ፣ አይዞሽ፣ ደረስን፣ ሞላዋም ከኋላ ሲጥ ትልለታለች፣ መልስ እንደምትሰጥ፣ ዞሪ ይለኛል ማጅራቴ፣ አልዞርም፣ እኔ ሸዋሉል ሰፈራ የገባሁ ሰሞን ከጅብ ጋር ምንጭ የተጋራሁ ሴት ነኝ፣ አልፈራሁም፣ አልፈራሁም ግን አልዞርም፣ ፍሬኑ ነው፣ ያዘ፣ ጠዋት ግን አልያዘም፣ ነፋስ ነው፣ የቱ ነፋስ፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ ማተቤን ይዣለሁ፣ ቁልፉን ነው የያዝኩት፣ አሶሳ ለምን ይርቃል እንዲህ።

አይዞሽ፣ ደረስን ሲል ለኔ ነው ያለው? እኔንማ አንቱ ነው የሚለኝ።

ያው ቱቦ፣ ያችው እስከዳር፣ ማዘር ተመለሱ? ሁለታችንም ወርደናል፣ ክዳኑን በእጄ ከፈትኩ፣ ቅጂ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ሰባት ተኩል ሲል ጉሮሮዋን አየሁ፣ ጨለማ፣ አልደረሰም፣ ስምንት፣ ኧረ፣ ዘጠኝ፣ እስከዳር ይሄ መኪና ሆድ ነው ጉድጓድ ትላለች፣ አሥር፣ ኤጀታ ነቅንቃት፣ ነቀነቃት፣ አትነቃነቅም፣ ጠዋት እንደ አልጋ ስትወዘወዝ የነበረችው፣ አሁን ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል፣ እንደ ግድግዳ፣ ፊቷ ትንሽ ይነሳል፣ ኋላዋ መሬት ነክሷል፣ እስከዳር ቀልዷን ዋጠችው፣ ዓይኗ ወደ ኋላ መስኮት ሄደና ቶሎ ወደ ቁጥሩ ተመለሰ፣ አሥራ አንድ ማዘር፣ ሞላች።

አሥራ አንድ።

አንተ አልሰረቅህም ማለት ነው፣ አልሰረቅህም፣ ይሄ ቃል እንዴት ነው ከአፍ የሚወጣው፣ ያኛው እኮ ለቀስተኛው ፊት እንደ ውሃ ነው የፈሰሰ፣ ጎማዋን ይለካልኝ፣ ወደ ሰዳም ግፋት አልኩት፣ ንዳት ማለቴ ነው፣ እኔ በእግሬ፣ ማዶ ነው፣ አብሬ አልገባም፣ ዛሬ በቃኝ።

ሰዳም ቁጢጥ ብሎ የኋላ ጎማውን ያያል፣ ጎማው ሆዱ ወጥቷል፣ ተጨፍልቋል፣ አስተነፈሰ እንዴ እላለሁ፣ መለኪያውን ይሰካል፣ ያነባል፣ ይነቅላል፣ ደግሞ ይሰካል፣ አየር አልወጣም ሓቦባ፣ ጠዋት የነፋሁት ያው ነው፣ ጭነት ነው ይሄ፣ የምን ጭነት፣ እኔ ውጭ ነኝ፣ እሱም ወርዶ ቆሟል፣ ሰዳም ራሱን ያካል፣ ያን ጊዜ እንኳ አየር አልነበረውም፣ ለዚህ ነው የተጨፈለቀ ይላል። የቱን ጊዜ? ልጅህ የሞተ ጊዜ ሓቦባ፣ መኪናውን ጎትተው ያመጣ ለኔ ነው፣ ከኋላ ሁለት ጎማ፣ አየር የለም፣ ኤጀታ ራሱ አስተነፈሰ፣ ሴት ምጥ ይዟል፣ መንገዱ እንዳይንጠው ብሎ አስተነፈሰ፣ ብዙ ሰው እዚህ እንዲህ ያደርጋል፣ ለስላሳ ይሄዳል፣ ግን ይጠጣል፣ እሱ አላወቀም፣ እኔ ነኝ በኋላ የነገርኩ፣ ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው አይደለም።

እንዳይንጣት።

ኤጀታ፣ ለምንድነው ያልነገርከኝ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሌባ ስልህ፣ ሕዝብ ፊት ስልህ፣ ለምን አፍ የለህም፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሸጥከው ብባል ይሻለኛል እማማ፣ እንዲመቻት ብዬ ገደልኳት ከምል።

ሰልፉ ጥሩንባ ይነፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ዓለም ሥራዋን ትሠራለች፣ ሰዳም የአየር ቱቦውን አንስቷል፣ አንገቱን አላቀናም፣ ጎማውን ነው የሚያየው፣ ሓቦባ፣ ከኋላ ስንት ሰው ነው የሚቀመጥ? ለጭነቱ ልክ አየር ልጨምር፣ ያን ጊዜ ቤንዚን ይቀንሳል።

ሁለት እለዋለሁ።

ሁለት ነው ያልኩት፣ በድምፄ ነው፣ ሰምተውኛል፣ አንደኛው ገና አልተወለደም፣ ሰዳም ቱቦውን ይዞ ቀረ፣ ኤጀታ ቀና አለ፣ ከቀብሩ ወዲህ ዛሬ ገና ዓይን ለዓይን ተያየን፣ አትጨምር ሰዳም፣ አስተንፍስላት፣ ሁለቱንም፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንዳይንጣት፣ ሓቦባ ቤንዚን ይጠጣል እኮ፣ ይጠጣ፣ በርበሬ ነጋዴ ነኝ፣ አቅም አላጣሁም፣ ይጠጣ፣ ቁልፉን ከማተቤ ፈታሁ፣ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ ነበር፣ በጥርሴ፣ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፣ እንካ፣ ያንተ ነው፣ ዛሬ ራትህን እኔ ቤት ነው የምትበላ፣ እህ? እሺ እማማ ይላል፣ ድምፁ አይሰማም፣ አየሩ ግን ይሰማል፣ ሽ… እያለ ይወጣል፣ እንደሚተኛ ሕፃን፣ የፊቱን በር ከፍቶልኝ ይጠብቃል፣ አይ፣ እዚያ አልቀመጥም፣ ደህና አድርገህ ስፖኪዮህን መልሰው፣ እኔ ከኋላ ነኝ፣ እጀታው ቀዝቃዛ ነው፣ ከፈትኩት፣ ጠጋ በይልኝ ሰብሌ፣ ጠጋ በይ…