የአደራ ደብዳቤ

ቴላቪቭ ያለው የስዊድን ኤምባሲ ብዙወርቅን ለቪዛ የጠየቃት ሦስት ወረቀት ነበር። አንዱ የጉዞ ሰነዷ ነው። ሁለተኛው ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ከሚፍዓሉ፣ ስትመለስ ሥራዋ እንደሚጠብቃት የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው፣ ጎተቦርግ የምትኖረው ታናሽ እህቷ ይታይሽ የምትልክላት የመጥሪያ ወረቀት ነው። ቀጠሮው ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ይህ መጥሪያ ግን ሰባት ሳምንት ቢጠበቅ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

«ረስታሻለች» አላት ታላቅ ወንድሟ አይቸው፣ ከራቱ ቀና ሳይል። «አንቺም ዕብራይስጡን አጥርተሽ ሳታነቢ ብቻዬን በአውሮፕላን ልሂድ ትያለሽ። ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ። እህቴ ናት።»

«የእኔም እህት ናት» አለና ሳህኑን ገፋ አደረገው።

ይታይሽ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞታለች፣ ነርሷ ነገረችኝ ብሎ አይቸው ስላረዳት፣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት እንደገቡ ሰባት ቀን ለቅሶ ተቀምጠውላታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስዊድን ውስጥ በሕይወት መኖሯ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። አይቸው ብቻ «ነርሷ ናት ያሳሳተችኝ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ብዙወርቅ ያኔ ድንጋጤ ነው ብላ አለፈችው።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ሚፍዓሉ ቢሮ ስልክ ተጠራች። ይታይሽ ነበረች።

«ሁለት ጊዜ በአደራ ደብዳቤ ላክሁልሽ እኮ» አለች። «ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ፖስታ ቤቱን ጠየቅሁ። ሰው ፈርሞ ወስዶታል አሉኝ።»

ብዙወርቅ ወደ ስፌት መኪናዋ አልተመለሰችም። አለቃዋ ኤስቲ «ሰዓትሽ ይቆረጣል» ብትላት «ይቆረጥ» ብላ ወደ ዶአሩ፣ ወደ ፖስታ ቤቱ ገሰገሰች። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረላት። ከዕብራይስጡ መሐል በሁለት መስመር ላይ፣ በአማርኛ ፊደል፣ አይቸው ይላል።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘችው።

«ደብዳቤዎቼን አምጣ፣ አይቸው።» በስሙ ስትጠራው በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የምን ደብዳቤ?»

«ፊርማህን አይቼ ነው የመጣሁት።»

ሚስቱ ደጊቱ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች። መኝታ ቤት ገብታ ሁለቱንም ፖስታ ይዛ ወጣችና ብዙወርቅ እጅ ላይ አኖረቻቸው። «ከእንግዲህ እኔ አልደብቅልህም» አለችው ባሏን። ፖስታዎቹ ተከፍተዋል።

«ለምን ይህን አደረግህ?»

«ሂጂና ጠይቂያት። ትነግርሽ የለ።»

«አንተ ንገረኝ።»

አይቸው የፈታውን ማሰሪያ መልሶ ያስር ጀመር። «ነርስ የሚባል አልነበረም» አለ። «የሕመምተኞቹ ድንኳን ውስጥ ነበረች። ትኩሳት ይዟታል፤ ግን ታውቀኛለች፣ በስሜ ጠርታኛለች። እኛን የሚወስደው መኪና ሊነሣ ነው። በሕይወት አለች ብልሽ ትሳፈሪ ነበር?»

«አልሳፈርም።»

«አየሽ? ሁለታችሁንም ከማጣ አንዷን ላትርፍ አልሁ።»

«እሷን ምን ብለሃት ወጣህ?»

ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ ጎተተው። ደጊቱ «ንገራት እንጂ» አለችው።

«ውሃ ይዤልሽ እመጣለሁ አልኋት።»

ብዙወርቅ አላለቀሰችም። «ሰባት ቀን አብረኸኝ ለቅሶ ተቀመጥህ» አለችው። «እያወቅህ።»

«ዛሬ ቆመሽ የምትሰድቢኝ በእኔ ነው!» ብሎ ተነሣ። «ከእሷ አፍ ሰምተሽ ከመጣሽ ግን እዚህ ቤት አትገቢም።»

እሷም በዚያኑ ቀን ልብሷን ሰብስባ፣ የሥራ ባልደረባዋ አገርነሽ ዘንድ ገባች።

ማክሰኞ ዕለት ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። «እዚህ ማን አለሽ?» ስትል በዕብራይስጥ ጠየቀቻት።

ወንድም ልትል አፏን ከፈተችና መለሰችው። «ሥራ አለኝ» አለች፤ የሚፍዓሉንም ደብዳቤ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው።

በሦስተኛው ሳምንት ቪዛው ተመታላት። አገርነሽ ወፍራም ካፖርት አዋሰቻት፤ ኮፐንሃገን ላይ አውሮፕላን ስትቀይር የምታሳየውንም ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጻፈችላት። ለመለማመድ ሁለቱ ማታ ማታ ጥያቄና መልስ ይጫወቱ ነበር፤ አገርነሽ የአየር ማረፊያ ፖሊስ እየሆነች።

የጉዞዋ ጠዋት አይቸው የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሻንጣዋን አልተቀበላትም፤ እሷም አልሰጠችውም።

«ጊዜ እንዳልነበረ ንገሪያት» አለ። «መኪናው ሊነሣ እንደነበር።»

«ራስህ ጻፍላት። አድራሻዋን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

አውቶቡሱ ሲመጣ እሱ ከቆመበት በተቃራኒው በኩል ሄዳ ተቀመጠች።

ጎተቦርግ የደረሰችው አመሻሽ ላይ ነው። ይታይሽ ከሚጠብቀው ሰው መሐል ወጥታ አቀፈቻት፤ ከስታለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። እንዳቀፈቻት በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ በሩ ተመለከተች።

«ብቻሽን ነሽ? እሱ አልመጣም?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ይታይሽ፣ ሻንጣውን ከእጇ እየተቀበለች።