በረዶው የሚሄድበት

ቴሌግራም ላይ «የሰማይ ወሬ» የሚባል ግሩፕ አለን። ፖለቲካ አይወራበትም፤ መዝሙርም መንዙማም አይለጠፍበትም። ማለዳ ተነስተን እኛ ጋ ጉም ነው፣ እናንተ ጋስ ምን አለ እንባባላለን፤ ይኸው ነው ሥራችን። ሥራ ፈቶች የሚሉን አሉ። እነሱ ለኳስ ሲጮኹ ያመሻሉ፤ እኛ ደመና ብንወድ ምን አንገበገባቸው?

የሚያወራው ሁሌም ያው አራት ሰው ነው። ወንዳወቅ የጽጽቃ ሰው ነው፤ በሙቀቱ ይኮራል። ድንጋይ ላይ እንቁላል እንጠብሳለን ይላል፣ ሲጠብስ ያየው ግን የለም። ሰይዳ ሰቆጣ ከተማ ብርድ ልብስና ጃንጥላ ትሸጣለች፤ በእሷ ትንበያ ሁሌም ብርድ ሊመጣ ነው፣ ስለዚህ ግማሹን ብቻ እናምናታለን። ታናሽ እህቴ ይታየሽ ፃግብጂ ተድራ ከባሏ ከቅጣው ጋር ማሽላ ታመርታለች። እኔ ዲያቆን እንዳለው ነኝ። ሰቆጣ ዙሪያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ደብር አገለግላለሁ፤ ከሥሯ ደግሞ ገብስ አርሳለሁ።

ደብራችን የድንጋይ ደወል አላት። ረጅም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በጠፍር ታስሮ ከወይራው ተንጠልጥሏል፣ የሚመታውም በሌላ ድንጋይ ነው። በረዶ ያዘለ ደመና ሲመጣ ይደወላል፣ ደመናውም ይመለሳል። የማያምን ካለ መጥቶ ይይ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከጫፉ ላይ ይቆማል፣ ያመነታል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል። አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ደውለዋል። ጉልበታቸው ሲደክም መምቻውን ለእኔ ሰጡኝ።

አደዋወሌ ያስቃል። በልጅነቴ ከዚያው ወይራ ወድቄ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻው እንደነገሩ ስላሸኝ ክንዴን ሳነሳ ይይዘኛል። ሁለቱን ምት ደህና እመታለሁ፤ ሦስተኛው ይዘገያል። ጓ፣ ጓ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ጓ። መንደርተኛው «እንዳለው አነከሰ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ገብሱ ግን በኔ ዘመን አንድም ጊዜ በበረዶ አልተመታም። በግሩፑም «ዛሬም መለስነው» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ይታየሽን በረዶ ጨርሷታል። ፃግብጂ ውስጥ እነሱ ያሉበት ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ በረዶ እንዲህ አይበዛበትም። እነሱ ጋ ግን በየክረምቱ ይመጣና የእነሱንና የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ለይቶ ይመታል። አምና ማሽላው አንገቱን ተቀንጥሶ ቀረ፤ በሬያቸውን ሸጠው በሉ። ቅጣው ዘንድሮም ካልደረሰልን ልጆቹን ይዤ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ ብሎ ቆርጧል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ደርቆ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሰይዳ በግሩፑ የድምፅ መልእክት ላከች።

«ዲያቆን፣ እንዳትቆጣኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ የድሮ ድምፃችሁን እየከፈትኩ እሰማለሁ። አንተ መለስነው ባልክ ቁጥር በዚያው ቀን ይታየሽ ታለቅሳለች። አንዴ አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው።»

ተቆጣሁ እንጂ። ጃንጥላሽን ሽጪ አልኳት። ወንዳወቅ ሊያስታርቀን ቀልድ ሲፈልግ ይታየሽ ገባች።

«አያ፣ እኔም ያልተናገርኩት አለ» አለች። «በረዶው ሊመጣ ሲል ደወል ይሰማናል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ከወንዝ ማዶ ነው፤ ድምፁም እዚህ አይደርስም። ይሄ የድንጋይ ነው፣ ከየትም አይመጣ፣ ዝም ብሎ ከማሳው መሃል ይሰማል። ከብቶቹ ሣር አፋቸው ውስጥ እንዳለ ማላመጥ ያቆማሉ። አበደች ትሉኛላችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔ ግን ግትር ነኝ። ጳጉሜን ውስጥ ደመናው ጠቁሮ ሲመጣ፣ ለሰይዳ ላሳያት ብዬ ከወትሮው አብዝቼ ደወልኩ። ደመናው ተመለሰ። ከኮረብታው ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ይታየሽ ለብቻዬ የላከችው ድምፅ ነበር። ቃል የለበትም። ነፋስ አለ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ በቆርቆሮ ላይ በረዶ ይንጫጫል። ከሁሉም ኋላ ደወል አለ።

ጓ፣ ጓ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ጓ።

ፃግብጂ ከኛ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። የኛ ደወል በደህና ቀን እንኳ ቀጣዩን ሸንተረር አይሻገርም። ክንዴ ግን ክንዴ ነው፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ የትከሻዬን ሕመም ሰማሁት። ፈራሁ። ቀን በፀሐይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳልወጣ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ለአባቴ ወስጄ ከፈትኩላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙና ድገመው አሉኝ።

«አንተ ነህ» አሉ።

«አባ፣ ያውቁ ነበር?»

«በረዶው ሌላ ቦታ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የት እንደሚያርፍ ግን አትጠይቅ ብሎኝ ነው አባቴ ያስረከበኝ። እኔም ሳልጠይቅ ኖርኩ።» ስልኩን መለሱልኝ። «ሳልጠይቅ ልጄን እዚያው ዳርኳት።»

ያን ዕለት እራት አልበሉም።

ይታየሽ ቆይታ ጻፈችልኝ፤ ግማሹ ማሽላ ተመትቷል፣ የታችኛው ማሳ ግን ተርፏል፣ እሱ ከደረሰ ቅጣው ይቀራል። ሁለተኛ አልደውልም ብዬ ማልኩ። ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ስታለቅሺ የኖርሽው በኔ ክንድ ነው ብሎ በምን አፍ ይነገራል? በግሩፑም ዝም አልኩ፤ የመንደራችን ሰዎች አሉበት፣ አልደውልም ማለቴን ቢሰሙ መምቻውን ነጥቀውኝ ራሳቸው ይደውሉ ነበር። ደግሞ ምን ያድርጉ? የእነሱም ልጆች ይበላሉ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ገብሳችን ቢጫ ሆኖ አጨዳ ቀጠርን። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደመናው ከላይ መጣ፤ ሆዱ አረንጓዴ ነበር፣ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ወደ ደወሉ ወጣሁና መምቻውን አንስቼ ቆምኩ። አባቴ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ደውል አላሉኝም፤ አትደውል አላሉኝም። ከታች ሰው ሁሉ ከየማሳው ቀና ብሎ ያየናል። አንድ ሁለቱ መጮኽ ጀመሩ። ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ያዝኩት። የታችኛውን ማሳ አሰብኩ፣ የእህቴን የደረቀ ድምፅ አሰብኩ።

ደመናው ከጫፉ ላይ ቆመ። አመነታ።

በዚያ ጊዜ ደወል ሰማሁ። የኛ አይደለም፤ የብረት ነው፣ ቀጭን፣ የትምህርት ቤት ደወል የሚመስል። የሚሰማው በገደሉ በኩል ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ አየር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ከታች የነበሩት በሬዎች ማላመጥ አቁመው አንገታቸውን አነሱ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ አባቴ።

ሳልመልስላቸው ደመናው ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

ብዙ አልቆየም። የቤተ ክርስቲያኑ ክፈፍ ሥር ተጠልለን ገብሱ ሲተኛ አየነው። ሲያባራ አገሩ ነጭ ነበር፤ ከታች አንዲት ሴት በነጩ መሃል ቁጢጥ ብላ አፈሩን ትነካካለች፤ ማን እንደሆነች አልለየኋትም። ለማየትም አልደፈርኩም፤ ደመናውን መመለስ እችል የነበረው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልመለስኩም።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት።

«አያ» አለች ይታየሽ፤ ትስቃለች ታለቅሳለችም። «ዝም ስትለኝ ጊዜ ልትደውል ነው ብዬ ፈራሁ። ቅጣው ከከተማ የመኪና ቸርኬ አምጥቶ ግራሩ ላይ ሰቀለልኝ። ዛሬ ጥቁር ነገር ከላይ ሲመጣ እኔው ራሴ ደወልኩ። ተመለሰ አያ። አንዲት የማሽላ ራስ አልወደቀችም፤ ቅጣው እንቀራለን ብሏል።» ትንፋሽዋ ይሰማል። «ወደናንተ እንዳይሄድ ፈርቼ ነበር። ልጆቹን ሳይ ግን እጄን መያዝ አቃተኝ። እውነቱን ንገረኝ፣ እናንተ ጋ ምን አለ?»

ሰዎቹ ኮረብታውን መውጣት ጀምረዋል። በረዶው ከእግራቸው ሥር ሲሰባበር ይሰማል። አባቴ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው።

ቁልፉን ተጭኜ «እኛ ጋ ጥርት ብሏል» አልኩ። «ምንም የለም። ማሽላሽን ጠብቂ።»

ድምፄ ደህና ነበር። አባቴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መምቻውን ከእጄ ወሰዱ።

«ከታች ሆኖ ማን እንደያዘው አይለይም፤ ደወሉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አርጅቶ ረሳ ይሉኛል። አንተ ከኋላዬ ቁም።»