ሰባት ተረኛ፣ ሁለት ቁልፍ

በኃይሉ ሠላሳ አምስተኛውን ክፍፍል በላጲስ አጠፋ። ሰባት ስም ለሦስትና ለአራት የሚከፈልበት ሌላ መንገድ አልቀረም።

በአሶሳ፣ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከሰዓት በኋላ የሚጠብቁት ሰባት መምህራን ናቸው፤ በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፣ ሦስት ሦስት። ተራውን ያወጣው እርሱ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከሌላው ከእያንዳንዱ ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ይገናኛል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በኪራይ ቤት ብቻውን ለሚኖረው ለበኃይሉ፣ ተራው ማለት ስድስት ሰው ማለት ነበር።

አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ የንባብ ክፍል ተከፈተለት፤ አሮጌው ታችኛው፣ አዲሱ ላይኛው ይባላል። እያንዳንዱ መምህር የአንዱን ክፍል መጻሕፍት ፈርሞ ይረከባል፣ ከጠፋም ይከፍላል፤ ሁለቱም ክፍሎች በየቀኑ መከፈት አለባቸው። እንዴትም ቢከፍላቸው ግን የአንዱ ቀን ሦስት ተረኞች አንድ ክፍል ላይ ይወድቃሉ፤ ሌላው ተዘግቶ ይውላል።

ዳይሬክተሩ ሙርሳል በመምህራን ማረፊያው በር ብቅ አለ።

"ጋሼ፣ አሁንም አልወጣልዎትም?"

"አይወጣም። ጭራሽ የማይቻል ነው።"

"ወላሂ፣ እንግዲያስ ተራውን እናፍርሰው! ሁለት ቋሚ ቡድን፣ አዲስ ቀን፤ አለቀ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ።"

ቋሚ ቡድን ለበኃይሉ ክፉ አልነበረም፤ በተራው ቀን ሁሉ ቢያንስ ሁለት ሰው አያጣም።

አጠገቡ ፈተና የምታርመው እስከዳር፣ ከሰባቱ ተረኞች አንዷ፣ ግን ቀና አለች። "ኧረ ጋሼ፣ ቀኖቼን እንዳይነኩብኝ! ልጄን የምትይዝልኝ ብርሃነሽ በሌላ ቀን አትመጣም።"

"ምን ላድርግ?"

"የሁለቱንም ክፍል የሚፈርም ቂል ይፈልጉልኛ!" ብላ ሳቀች።

 በኃይሉ ከሰባቱ ስሞች የራሱን አጠፋ። የቀሩት ስድስቱ ሦስት ለሦስት ያለችግር ተከፈሉ። ከዚያ በሁለቱ ዓምዶች መካከል፣ ለብቻው፣ "በኃይሉ፦ ሁለቱም ቁልፍ" ብሎ ጻፈ።

"ቂሉ ተገኘ።"

እስከዳር መጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ማክሰኞ አብረውዎት ተረኛ የሆኑት ሁለቱም ላይኛው ክፍል ናቸው... እርስዎ ታችኛው ብቻዎን። ሐሙስ ደግሞ ላይኛው ብቻዎን።" ድምፅዋ ቀዘቀዘ። "ቅዳሜ እኔ ላይኛው፣ ወንድምአገኝ ታችኛው። እርስዎ የትም ቢገቡ ያው ነው።"

"ያው ነው።"

"እኛ ጋ፣ በላይኛው ክፍል መስኮት በኩል፣ ማንጎ አለ" አለችና ወደ ፈተናዋ ተመለሰች። "ጥላው ደኅና ነው።"

በኃይሉ ተራ ሲያወጣ ሁልጊዜ በእርሳስ ነው፤ ሰው ይለወጣል ይላል። ላጲሱን ኪሱ ከተተ፤ ከእስከዳር እስክሪብቶ ለምኖ፣ ቅዳሜ፣ ላይኛው ክፍል፣ ከስሟ ጎን ስሙን ጻፈ።